የሁለቱ ጣቶች እኩልነት

ሽማግሌዎቻችን «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ሲሉ ኖረዋል። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አንዱ ጠግቦ ሌላው ሲራብ «ነገሩ የተፈጥሮ ሥርዐት ነው» ለማለት ስለ ሆነ፣ እኛ ተማሪዎች ስንሰማው ፊታችንን ማኮሳተራችን አይቀርም። ዛሬ ግን ቃሉን እንዳለ ወስደን ስለ እውነተኛዎቹ ጣቶች፣ ይኸውም ስለ ቤዝ ጊታር ተጫዋች የቀኝ እጅ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ጥቂት አስተያየት ለመስጠት እንወዳለን። ጣቶቹ እኩል ሆነው አለመፈጠራቸውን እንቀበላለን። ከክሩ ላይ የሚያወጡት ድምፅ ግን እኩል መሆን አለበት ብለን እንከራከራለን።

«በግቢያችን ስንት የሚያንገበግብ ጉዳይ እያለ ስለ ጣት ትጽፋላችሁን?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ጉዳዩ ትንሽ ነው አንልም። በተማሪዎች ምሽት ላይ መድረክ የሚወጡት የሙዚቃ ጓዶቻችን አንድ ዐይነት ጉድለት እንዳለባቸው ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ዘፋኙ ደኅና ይጀምራል። ድራም መቺውም እንደ አቅሙ ይተጋል። ነገር ግን ዘፈኑ ከተጀመረ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጨዋታው ይላላል፤ እስክስታ ሲመታ የነበረውም ተማሪ ትከሻው ቀዝቅዞ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ጥፋቱም ወይ በዘፋኙ ወይ በድራም መቺው ላይ ይላከካል። ከኋላ በጨለማው በኩል ቆሞ ባለ አራት ክሩን መሣሪያ ስለ ያዘው ልጅ የሚጠይቅ የለም።

ለመሆኑ ይህ ልጅ ቤዙን እንዴት ያዘው? የአብዛኛዎቹ ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ወደ ሙዚቃ ክበብ የመጣው ጊታር ለመማር ነበር። ጊታሮቹ ግን ቀድመው በመጡት ተይዘዋል። ስለዚህ «አንተ ቤዙን ያዝ፤ ክሩ አራት ብቻ ስለ ሆነ ይቀልሃል» ይባላል። በሁለተኛው ሳምንት ከባንዱ ጋር ይለማመዳል፤ በሁለተኛው ወር መድረክ ላይ ይወጣል። የግራ እጁን ጣቶች የት የት እንደሚያሳርፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነግሮታል። ቀኝ እጁ ክሩን እንዴት መምታት እንዳለበት ግን ያሳየው ሰው የለም። ጠባችን ከዚህ አሠራር ጋር ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ዛሬ በየመድረኩ የምናየው ቤዝ ጊታር በሰፊው የታወቀው ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ መሣሪያ ሠሪ በ1951 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የወፍራሙን ድምፅ ሥራ የሚሠራው ተጫዋቹ አቁሞ የሚይዘው ትልቁ የእንጨት ቤዝ ነበር። እርሱ ለመሸከም ያስቸግራል፤ ድምፁም በጥሩምባና በከበሮ መካከል ይዋጣል፤ በአንገቱ ላይ የጣት ማረፊያ ምልክት ስለሌለውም ትክክለኛውን ድምፅ ማግኘት የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል። ፌንደር መሣሪያውን አሳንሶ ድምፁን በኤሌክትሪክ አጐላው፤ በአንገቱም ላይ ፍሬት የሚባሉትን ቀጫጭን ብረቶች አኖረ። ጣት ከብረቱ ጀርባ እስካረፈ ድረስ ድምፁ አይሳሳትም። «ፕሪሲዥን» ማለትም ትክክለኛነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ፋብሪካው በእነዚያ ብረቶች የግራ እጅን ችግር አቃለለ። የቀኝ እጅን ችግር የሚያቃልል ብረት ግን እስካሁን አልተሠራም። የክሩ ብዛት አራት መሆኑን አይቶ «ይቀላል» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ግራ እጅ ብቻ ነው። የቤዙ ወፍራም ክር ባዶውን ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ድምፅ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ደረትም ይሰማዋል፤ እግርም የሚረግጠው እርሱን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ቀኝ እጅ ሲሳሳት አዳራሹ በሙሉ ይደናቀፋል፤ ማን እንዳደናቀፈው ግን አያውቅም።

እኩልነት ስንል አራት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው የጊዜ እኩልነት ነው፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክፍተት እንዳይዛባ። ሁለተኛው የጉልበት ነው፤ አንዱ ጣት ሲጮኽ ሌላው እንዳያንሾካሹክ። ሦስተኛው የድምፅ ቀለም ነው፤ አንዱ ጣት በለስላሳው ሥጋ፣ ሌላው በጥፍሩ ጫፍ ቢነካ ጉልበታቸው እኩል ሆኖ እንኳ ድምፃቸው የሁለት ሰው ይመስላል። አራተኛው የርዝመት ነው፤ ተራው የደረሰው ጣት ቸኩሎ ክሩ ላይ ካረፈ የፊተኛውን ድምፅ ሳያልቅ ያፍነዋል። ሌባ ጣት ስሙን ያገኘው በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ በቤዝ ጊታር ላይ ከጓደኛው ጊዜ ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ መያዙ የተለመደ ነው።

የልዩነቱ መነሻ ግልጽ ነው። መሐል ጣት ከሌባ ጣት ይረዝማል፤ ስለዚህ አንጓው አንድ ወጥ ሆኖ ከተያዘ ክሩን ጠልቆ ይይዘዋል፤ ጠልቆ የያዘም ጣት ክሩን ለመልቀቅ ይዘገያል። ሌባ ጣት ደግሞ በየቀኑ ሥራ የሠለጠነ ስለ ሆነ ይፈጥናል። በአንዳንዱ ተጫዋች ሌባ ጣት ይበረታል፤ በሌላው መሐል ጣት። ዋናው ነገር ማንኛችንም ሳንለማመድ እኩል ጣቶች ይዘን አለመምጣታችን ነው።

ይህ ጉድለት በየትኛውም ሙዚቃ ላይ መጥፎ ነው፤ በእኛ ሙዚቃ ላይ ግን የባሰ የሚጋለጥበት ምክንያት አለ። በአራት የሚቆጠር የውጭ ዘፈን ስንጫወት፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሁለት ሁለት ድምፅ ብንመታ፣ ሌባ ጣት ሁልጊዜ በቁጥሩ ራስ ላይ ያርፋል፤ መሐል ጣት ሁልጊዜ በመካከል ይገባል። ስለዚህ መሐል ጣት ቢደክም እንኳ ድካሙ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ስለሚመጣ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል። ችክችካው ግን በስድስት ተቆጥሮ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። ስድስቱንም ድምፅ በሁለት ጣት እያፈራረቅን ብንመታ የመጀመሪያውን ሦስት የሚመራው ሌባ ጣት ሲሆን፣ አራተኛው ድምፅ ላይ ስንደርስ ተራው የመሐል ጣት ነው። ሁለተኛውን ሦስት የሚመራው እርሱ ነው ማለት ነው። ጣቶቹ እኩል ካልሆኑ አንዱ እርምጃ ጠንካራ፣ ሌላው ልል ይሆናል። እስክስታ መቺው ትከሻውን በግራ ጥሎ በቀኝ ሲያጣው ወደ ወንበሩ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። የራሳችን ምት የሰነፍ ጣትን ገመና አይሸፍንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምናቀርበው ሐሳብ በእጃችን ባለው ነገር ሊፈጸም የሚችል ነው።

በመጀመሪያ የእጅ አቀማመጥ ይስተካከል። አውራ ጣት በፒክአፑ ጠርዝ ላይ ወይም በወፍራሙ ክር ላይ ይረፍ፤ አንጓው በኀይል አይታጠፍ። ጣቱ ክሩን ወደ ውጭ እንደ መንጠቆ አይጐትት፤ በጫፉ ሥጋ ነክቶ፣ ክሩን አልፎ፣ ከበላዩ ባለው ወፍራም ክር ላይ ይረፍ። ይህ ዕረፍት ሁለት ጥቅም አለው። ጣቱ በየጊዜው እኩል መንገድ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ያ ክርም ያለ ፈቃድ እንዳይጮኽ ያፍነዋል። አውራ ጣቱ በፒክአፑ ላይ ካረፈና በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ከተጫወትን ደግሞ ወፍራሙን ክር ዝም የሚያሰኘው ሌላ ስለሌለ አውራ ጣቱን ወደዚያ ማዛወር ይበጃል። ክንድ ወይም አንጓ ካመመ ልምምዱ ወዲያውኑ ይቁም። ሕመም የትጋት ማስረጃ ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው፤ የሚያመለክተው ጉልበቱ ያለ ቦታው መዋሉን ነው።

ቀጥሎ ሜትሮኖም ያስፈልጋል። ዛሬ በየስልካችን ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። በደቂቃ 60 ላይ አድርገን በአንድ ባዶ ክር ላይ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ ብቻ እንምታ። አምስት ደቂቃ ሌባ ጣት ለብቻው፣ አምስት ደቂቃ መሐል ጣት ለብቻው፣ አምስት ደቂቃ እያፈራረቅን። እንዲህ ቀስ ሲባል የሚሰለቸን ብዙዎች ነን። ነገር ግን ፍጥነት ጉድለትን ይሸፍናል፤ ዝግታ ያጋልጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ የተተረተ ይመስላል። ይህ ከተስተካከለ በኋላ በእያንዳንዱ ምት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ አራት ድምፅ እናድርግ። በተለይ ሦስቱን አደራ እንላለን፤ መሪው ጣት በየምቱ ስለሚለዋወጥ ለችክችካው የሚያዘጋጀን እርሱ ነው። በአንዱ ቀን በሌባ ጣት ከጀመርን በማግሥቱ በመሐል ጣት እንጀምር።

ከቀጭኑ ክር ወደ ወፍራሙ ስንሻገር ሌላ ፈተና ይመጣል። ቀጭኑን የመታው ጣት በወፍራሙ ላይ አርፎ ስለሚገኝ ተራውን ሳይጠብቅ ያንኑ ደግሞ መምታት ይቀለዋል። ይህ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች ያደርጉታል። ነውሩ ሳይታወቅ ሲደረግ ነው፤ ምክንያቱም ተራው ይዛባና ምቱም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ጀማሪው ለጥቂት ወራት ተራ ሳያዛንፍ መሻገርን ይልመድ፤ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ይምረጥ።

ፈተናውም ቀላል ነው። አንድ ጓደኛችን ጀርባውን ሰጥቶን ይቀመጥና የትኛው ጣት እንደ መታ በጆሮው ለይቶ ይናገር። በእርግጠኝነት መለየት ሲያቅተው ሥራው ተሳክቷል። ጓደኛ ከሌለ በስልክ ቀድቶ ማዳመጥ ይቻላል፤ ድምፁን በሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ካለም ተራሮቹ ቁመታቸው እኩል፣ ርቀታቸውም እኩል መሆኑን ዐይናችን ይፈርዳል።

«አምፕሊፋየር የሌለን በመኝታ ክፍላችን እንዴት እንለማመዳለን?» ለሚሉ ወንድሞችና እኅቶች መልስ አለን። ቤዝ ጊታር ኤሌክትሪክ ሳይሰካበት ድምፁ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ የተኛ ጓደኛ አይቀሰቅስም። አንድ አደጋ ግን አለው፤ ተጫዋቹ ራሱን ለመስማት ሲል ክሩን በኀይል መደብደብ ይጀምራል፤ ያ ልማድ ደግሞ መድረክ ላይ ይከተለዋል። መፍትሔው የመሣሪያውን የእንጨት ጠርዝ በቁም ሳጥን ወይም በጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ ነው። እንጨቱ አብሮ ስለሚርገበገብ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል፤ እጅም ሳይጨነቅ ይሠራል። መድረክ ላይ ስንወጣም ሕጉ ይኸው ነው፤ ጉልበቱን ለአምፕሊፋየሩ እንተውለትና ጣታችንን እናቅልል።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ።

አንዳንዶች የሞታውን ኩባንያ ዝነኛ የቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰንን ይጠቅሱብናል። ጄመርሰን በዲትሮይት ከተማ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓለም የጨፈረባቸውን ብዙ ዘፈኖች የተጫወተው በሌባ ጣቱ ብቻ ነበር፤ ያችም ጣት «መንጠቆ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላት ነበር። «ታዲያ የሁለት ጣት እኩልነት ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። እኛ ግን ጄመርሰንን ለእኛ ምስክር አድርገን እንቈጥረዋለን። አንድ ጣት ከራሱ ጋር ልዩነት የለውም። በትልቁ የእንጨት ቤዝ ላይ የሠለጠነው ይህ ሰው ወደ እኩልነት የሄደበት መንገድ ይህ ነው። በሎስ አንጀለስ በአያሌ የስቱዲዮ ቀረጻዎች ላይ የተጫወተችው ካሮል ኬ ደግሞ ፒክ በሚባለው ቁራጭ መምቻ እየተጠቀመች፣ ክሮቹንም በጨርቅ እያፈነች ወደዚያው ደረሰች። ቤዝ የወንድ መሣሪያ ነው ለሚሉም ስሟ በቂ መልስ ነው። የታወር ኦቭ ፓወር ባንዱ ሮኮ ፕሬስቲያ በበኩሉ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዋት ኢዝ ሂፕ» ላይ በሁለት ጣቱ እያፈራረቀ፣ በግራ እጁም ክሩን በስሱ እያፈነ፣ ያን ሁሉ ጥድፊያ ያለ መንገዳገድ ተጫውቶታል። መንገዳቸው ሦስት ነው፤ የደረሱበት ስፍራ ግን አንድ ነው።

ሌሎች ደግሞ «ድምፅን እኩል የሚያደርግ ኮምፕሬሰር የሚባል መሣሪያ አለ፤ ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። ኮምፕሬሰር የጮኸውን ዝቅ በማድረግ ጉልበትን ያቀራርባል፤ ይህን አንክድም። የዘገየን ጣት ግን አያፈጥንም፤ ተጣድፎ የታፈነን ድምፅም አያስረዝምም። ከአራቱ እኩልነቶች በዋናነት የሚረዳው አንዱን ብቻ ነው።

ሦስተኛዎቹ የሚያነሡት ነገር ከሁሉ የሚከብድ ነው። «እኩልነት ስሜትን ይገድላል፤ ሰውን መኪና ያደርጋል» ይላሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። አንድን ድምፅ ከሌሎቹ አጉልቶ ማሰማት የሙዚቃ ውበት ነው፤ ነገር ግን የሚጎላው ተጫዋቹ ስለ ፈለገ ሲሆን ነው። ፈታይ ክሩን ባለበት ሁሉ አንድ ወጥ አድርጋ ካልፈተለች ሸማኔው ጥለቱን ሊያሳምር አይችልም። ጐጣጐጥ የበዛበትን ክር «ስሜት አለው» የሚል ሸማኔ አላየንም። መጀመሪያ እኩል መምታት የቻለ ሰው በኋላ እንደ ልቡ ያበላልጣል። ያልቻለ ግን የሚያበላልጠው ጣቱ ነው እንጂ ልቡ አይደለም።

ደግሞም ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ክራር ተጫዋቾቻችን ግርፉን ከድርድሩ ለይተው ያውቃሉ፤ በድርድር ጊዜ እያንዳንዱ ጣት የራሱን ክር በልክ ይነካል። ዐሥር አውታር ያለውን በገና የሚደረድር ሰውም እያንዳንዱ ጣት የትኛውን አውታር እንደሚነካ በሥርዐት ለይቶ ይማራል፤ ዜማውን ከመያዙ በፊት ጣቱን ያሠለጥናል። በገና ደርዳሪ በሁለተኛው ወር አደባባይ ይውጣ የሚል መምህር አይገኝም። ለበገና የምንሰጠውን ትዕግሥት ለቤዝ ጊታር የምንነፍግበት ምክንያት ምንድን ነው?

ምክንያቱ ቤዝ ተጫዋች ስለማይታይ ይመስለናል። የሞታውን ቤዝና ድራም ተጫዋቾች ለብዙ ዓመታት ስማቸው በሸክላው ሽፋን ላይ አይጻፍም ነበር። ጄመርሰን በ1983 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ የሮክ ኤንድ ሮል የዝነኞች አዳራሽ ስሙን የመዘገበው በ2000 እ.ኤ.አ. ነበር። በአገራችንም የዋልያስንና የሮሃን ባንድ ዘፈኖች የማያንጐራጉር የለም፤ ከዋልያስ መላከ ገብሬን፣ ከሮሃ ጆቫኒ ሪኮን በስም የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ምሰሶ የሚታወሰው ቤቱ ሲዘም ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለሙዚቃ ክበቡ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቤዝ ጊታር ጊታር ላልደረሰው ማካካሻ መሆኑ ቀርቶ ወድዶ ለሚመርጠው ተማሪ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ባንዱ ከመሰብሰቡ በፊት ቤዝ ተጫዋቹና ድራም መቺው ለግማሽ ሰዓት ለብቻቸው እንዲለማመዱ ክፍሉ ይከፈትላቸው፤ የዘፈን መሠረት የሚጣለው በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ነውና። ሦስተኛ፣ አዲስ ቤዝ ተጫዋች ችክችካውን ለአምስት ደቂቃ ያህል፣ ሳይፈጥንና ሳይዘገይ፣ በሁለቱም ጣቶቹ እኩል ሳይመታ መድረክ ላይ አይውጣ። ይህ ሦስተኛው ሐሳባችን ጭካኔ የሚመስለው ይኖራል። በእኛ አስተያየት ግን ጭካኔው ያልተማረን ልጅ በጓደኞቹ ፊት አቁሞ፣ ሲሳሳት ዝም ብሎ፣ በማግሥቱ «ቤዝ አይሆንህም» ማለት ነው። በዚህ ሁኔታ መሣሪያውን አስቀምጠው የቀሩ ጥቂት አይደሉም፤ ከእነርሱ መካከልም በሦስት ወር ትዕግሥት ጥሩ ተጫዋች ሊወጣቸው የሚችሉ ነበሩ።

ወጪ የሚጠይቅ ነገር አልጠየቅንም። የምንፈልገው ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቁልፍና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ክበቡ በሩን ይክፈት፤ ሜትሮኖሙን እኛ ይዘን እንመጣለን።